የጀማነሽ ድንኳን

ጀማነሽ ማለዳ አረፈች። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተባለ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ለቀስተኛው ሊደርስ ነው፤ የእድሩ ድንኳን ግን ገና ተጠቅልሎ በሯ ላይ ተጋድሟል።

እማማ እጸገነት አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ሸራውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ። ጀማነሽ ባል የላት፣ ልጅ የላት። አርባ ዓመት በሰው ሐዘን ሁሉ ወጥ ስትሠራ ኖራ፣ ለእሷ ሲሆን ለቀስተኛዋ በዝናብ ይደብደብ?

በእድሩ ደንብ ድንኳን የሚተክለው ወንድ ነው። የእድሩ ዳኛ ተካ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ስልክ ሲደውል አረፈደ። ዛሬ ዳኛ ይባል እንጂ፣ እማማ እጸገነት ሱሪ ሳይታጠቅ ያውቁታል።

«ማን ይምጣ፣ እትዬ? ምሰሶ የሚያነሳ ሦስት ወንድ ነው የቀረን፤ ሦስቱም ሥራ ላይ ናቸው። ገሚሱ ደቡብ አፍሪካ ገባ፣ ገሚሱ ዘምቶ ቀረ፣ ገሚሱን አፈር በላው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንታገሥ።»

«እሷ ከተቀበረች በኋላ?»

«ምን ላድርግ? አገሩ ሁሉ ሴት ብቻ ሆነ እኮ!»

«በቃ፣ ሴቱ ይትከለዋ!» አለች ልደት፣ የእማማ እጸገነት የልጅ ልጅ። መሰላሉን ከግድግዳው አስደግፋ፣ ገመዱን ከጣሪያው ብረት ልታስር መውጣት ጀመረች።

እማማ እጸገነት ወደ መሰላሉ ተጠጉ። የልደት ወንድም ሄዶ ደብዛው ከጠፋ ወዲህ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። «ውረጂ! ትሰበሪብኛለሽ! ኧረ እመቤቴ!»

«እቴቴ፣ አይፍሩ፤ መሰላሉን ብቻ ይያዙልኝ።»

«ውረጂ እንጂ!» ተካም ጮኸ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ አሉ አባቶች።»

እማማ እጸገነት ዘወር አሉ። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም፤ ንዴቱ ግን በለጠ። «ያለቀስ ወንዱ ነው፣ ተካ! እኛማ ይኸው አለን።» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። «ውጪ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ ግን። ቀስ!»

ባለሱቋ ዙለይካ ሱቋን ዘግታ መጣች። «የቱ ጋ ነው የሚያዘው?» አለች። ከጓሮ ሽንኩርት ሲልጡ የነበሩት ሴቶችም እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። ምሰሶው ሁለቴ ተንገዳግዶ ወደቀ፤ አንዷ ጣቷን ተቀጠቀጠች፤ ሌላዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች። በሦስተኛው ቆመ።

«የወጡስ ነገር?» አለ ተካ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ቢላዋው ከሽንኩርቱ ጋር እዚያው ጓሮ ነው» አሉት እማማ እጸገነት።

ለቀስተኛው ከዝናቡ እኩል ደረሰ። ተካ ደውሎላቸው ከሥራ ያስፈቀዱ ሁለት ወንዶችም አብረው መጡ። ድንኳኑ ወደ ግራ አዘንብሏል። አንደኛው ሊያቃናው ምሰሶውን ያዘ።

«እጅህን አንሳ!» አሉ እማማ እጸገነት። «እንዲሁ እንደተጣመመ ይቁም። ገብተህ አልቅስ።»