የጉንቮር ወንበር

ጉንቮር በኅዳር ተቀበረች። እንግዶቹ ሳሎን ቡናና ኬክ ይዘው ሲጠብቁት፣ ባሏ ኤቨርት የቀብር ልብሱን እንደለበሰ ጋራዥ ገብቶ አሮጌዋ ሳብ መኪናቸው ውስጥ መሪው ጋ ተቀመጠ። ሰው ይታዘበኛል አላለም። ቤት ውስጥ ያጣት ሚስቱ እዚያ ነበረች። የእጅ ቅባቷ ጨርቁ ላይ ይሸታል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር በእሷ ልክ ጎድጉዷል። ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አለው።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን ይዞ ይገባል፤ የሞቱ ሰዎችን ስም ያነብላታል፣ አየሩን ያማርርላታል፣ የጎረቤቱን ውሻ ያማላታል። አበደ ያሉ ነበሩ። ይበሉ! ሐዘንተኛን የሚያጽናናው ነገር ምን እንደሆነ ጎረቤት አይመርጥለትም።

አንድ ቀን ታዲያ እግሩ ሥር ዝገት አየ። ወለሉን በጣቱ ቢጫነው ጣቱ ወደ ውጭ አለፈ። ክው አለ። ጉንቮርን ካንሰር ሲበላት እጁን አጣጥፎ ከማየት በቀር ያደረገላት ነገር አልነበረም። ብረት ሲበላ ግን ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ትሮልሄታን ከተማ በሳብ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና በር ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። «ይቺን እንኳ አላስወስድም» አለ።

እዚያው ፋብሪካ አብሮት ያረጀው ጓደኛው ሲክስተን ነገሩ አልጣመውም።

«ወለሉን በይድና ተዋት። ሌላው ምን አደረገህ?»

«ግማሽ ሥራ አልወድም።»

«ሰማንያ ሊሞላህ ነው እኮ አንተ ሰውዬ! ልትድራት ነው?»

«አርፈህ ካቻቪቴውን አቀብለኝ።»

ሁለት የበረዶ ወቅት ፈጀበት። ወለሉ ሲያምር በሩ አስጠላው። በሩ ሲቀባ ወንበሩ ቡትቶ መሰለው። ልክ እንደ ጥንቱ ያለ የወንበር ጨርቅ ፊንላንድ ካሉ አንድ ሽማግሌ አስመጣ፤ የወለሉን የጎማ ምንጣፍ ሳይቀር በአዲስ ቀየረ። አሮጌውን ሁሉ በከረጢት አጭቆ ራሱ ወስዶ የማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረው። እያፏጨ ነበር የተመለሰው። ወንበሮቹ ተነቅለው ስለነበር የጠዋቱ ወሬ ተቋርጧል። «ትንሽ ታገሺኝ» ይላት ነበር ሲሠራ፣ «ልጨርስና ገብተን እናወራለን።» ከጨረሰ በኋላም ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ወንበሮቹን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ሳይቀመጥባቸው ሰነበተ።

በሰኔ በከተማው የመርከብ ቦይ ዳር የአሮጌ መኪኖች ውድድር ነበር። ጎማዋ ጭቃ እንዳይነካው በሲክስተን መኪና ተጎታች ላይ ጭነው ወሰዷት። «መኪና አዝለን መኪና ልናሳይ!» እያለ ሲክስተን መንገዱን ሙሉ ሳቀበት። እዚያ ሲደርሱ ኤቨርት ላስቲኩን ገፈፈ።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። በባትሪ የመኪናዋን ሥር አየች፣ በሩን ከፍታ ዘጋች፣ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፣ ደግማ አየች።

«እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም» አለችው። «የሰው እጅ የነካት አትመስልም። ዛሬ ጠዋት ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው!»

ሰው አጨበጨበ። ዋንጫውን ሰጡት። ኤቨርት ፈገግ ብሎ አመሰገነ፤ ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከፋብሪካ የወጣች መኪና ምን እንደሆነች ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የስንት ሺህ መኪና በር ገጥሞ፣ ዘግቶ፣ ወደሚቀጥለው አልፏል። ውስጣቸው ማንም አልነበረም። የማንም አልነበሩም።

በጉንቮር በኩል ያለውን በር ከፈተ። የማጣበቂያ ሽታ ተቀበለው። ወንበሩ ተወጥሮ ሞልቷል። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን አየ፤ ልሙጥ ነው። ያን ጊዜ የድሮው ምንጣፍ ትዝ አለው፤ እዚህ ጋ፣ በተረከዝ ልክ፣ ተበልቶ ተበስቶ ነበር። ጉንቮር መንጃ ፈቃድ አልነበራትም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን በየኩርባው፣ በእሷ በኩል የሌለውን ፍሬን በቀኝ እግሯ ትረግጥ ነበር።

«ፍሬንሽ ይሠራል?» እያለ ይስቅባት ነበር።

«ባይሠራማ እስካሁን ሞተን ነበር!» ትለዋለች።

«ሲክስተን» አለ። «ጣልኳት።»

«ምኗን?»

«ጉንቮርን ነው የምልህ። በከረጢት አድርጌ፣ በገዛ እጄ ወስጄ ጣልኳት።»

ሲክስተን ዋንጫውን ከእጁ ተቀበለው። «በል እንጫናትና ወደ ቤት እንሂድ» አለ።

«መጫን ይቅር። እየነዳን እንሂድ።»

«መኪናዬስ? ተጎታቹስ?»

«ነገ ትወስዳለህ። አንተ ንዳ፣ እኔ በእሷ በኩል ልቀመጥ።»

ኤቨርት በዚያች መኪና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉንቮር በኩል ተቀመጠ። ከከተማው ወጥተው ወደ ጫካው መንገድ ገቡ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዛፎቹ ፊት ለፊቱ መጡበት። የሚይዘው መሪ የለም። ቀኝ እግሩ ሳያዘው ምንጣፉን ረገጠ።

«ኧረ ቀስ በል!» ብሎ ጮኸ።

ሲክስተን ሳቀ። «ሃምሳ ላይ እኮ ነኝ! በሃምሳ የሚፈራ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

ኤቨርት እግሩን አየው፤ አሁንም አጥብቆ እንደረገጠ ነው። መንገዱ ከዚህ ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩት እንዲህ ያስፈራል ብሎ አስቦ አያውቅም። የጉንቮር ፍሬን መርገጥ ቀልድ ነበር የሚመስለው። እሷ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ሻርፗን አስራ፣ ራሷ በሩን ከፍታ ትገባ ነበር።

«እኔ እዚህ ላይ በሰማንያ ነበር የምነዳው» አለ፤ እንባው መጣ። «በሰማንያ፣ ሲክስተን! አንድ ቀን እንኳ አልሄድም ብላኝ አታውቅም።»