ጀፎረው የተከፈተ ዕለት

ሰገነት የዝግባ በር ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆና ስትሾም ከተማዋን ከቁም ነገር አልቆጠረቻትም ነበር። ከወልቂጤ በሚኒባስ ትንሽ መንገድ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር ወርደሽ ባጃጆቹን አልፈሽ ትገቢያለሽ፣ አለቀ። የውስጡ መንገድ ግራና ቀኙ በሱቅ፣ በቆርቆሮ አጥርና በሸራ ጥላ ተጣቦ ነበር፤ ሁለት ባጃጅ ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እሷ ቡታጅራ ተወልዳ ያደገች የአስተማሪ ልጅ ስለሆነች እንዲህ ያለው ግርግር አዲስ አልሆነባትም። መንገዱ ለምን እንደዚህ እንደጠበበ ለመጠየቅ እንኳ አላሰበችም።

ያሰበችው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የተቀበሩ ቀን ነው።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ። ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በፊት በዝግባ በር የተወለደ ሁሉ ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሳቸው እጅ ነው ይባላል፤ የክርስቲያኑም፣ የሙስሊሙም፣ የጴንጤውም ልጅ። ስለዚህ ያረፉ ዕለት ከተማዋ ሱቋን ዘጋች። ሰገነትም ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለቀብር ወጣች፤ የሟች ቤት ያለው ከገበያው በላይ፣ እሷ ገና እግሯ ባልረገጠው በኩል ነበር።

እዚያ ስትደርስ ቆም አለች። ከፊቷ የተዘረጋውን መንገድ ነው ለማለት አፏ አልደፈረም። ሜዳ ነው፤ አረንጓዴ፣ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ ቁልቁል የሚወርድ። ቤቶቹ ከሜዳው ወሰን አንዲት ክንድ ሳያልፉ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ጀርባቸውን ለእንሰቱ፣ ፊታቸውን ለሣሩ ሰጥተው ቆመዋል። ከላይኛው ጫፍ ላይ ግንዳቸውን አንድ ሰው አቅፎ የማይዘልቀው ዝግባዎች አሉ። ሰዉ ሁሉ፣ ከጉብሬ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ በዚያ ሜዳ ላይ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው ወገን ተሰልፎ ሲያለቅስ ቦታው አልጠበበም። የሺህ ሰውን ለቅሶ ዝም ብሎ ተቀብሎታል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች አጠገቧ ያለውን ሰው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ጀፎረ ነዋ” አላት ሰውየው፣ እንዴት አታውቂውም በሚል ዓይን እያያት። “የአባቶች መንገድ።”

አስከሬኑ ተነሣ። ሰዉ በሰፊው ሜዳ ላይ እንደ ወንዝ እየሞላ ወደ ታች ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ገበያው አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ወንዙ ቆመ። ሱቆቹ ጀመሩ፤ የቆርቆሮ አጥሮች ጀመሩ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎን ለጎን ማለፍ ስላልቻሉ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደ ኋላ እየሆኑ ዞሩ። የኋላው ሰው የፊቱን ገፋ። የቃሬዛው ጫፍ ከአንድ ሱቅ የቆርቆሮ ጥላ ጋር ተጋጭቶ ድምፅ አሰማ፤ ለቅሶው በድንገት ጸጥ አለ።

ሱቁ የወይዘሮ ሰፍያ ነበር። ሰፍያ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያ ሱቅ ያሳደገች ሴት ናት፤ የከተማው ሰው ሁሉ አዶት፣ ማለትም እናት፣ ብሎ ይጠራታል። በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭና ቃሬዛውን አየችው። ልጆቿን በሙሉ ያዋለዷት እኚያ ሴት ነበሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የአገር ሽማግሌዎች ከዝግባዎቹ ሥር ሸንጎ ጠሩ። ለማዘጋጃ ቤቱም ሰው ላኩ። ከንቲባው አቶ ገዛኸኝ ሰገነትን ቢሮው አስጠርቶ “ሂጂና አድምጪ” አላት። “ምንም ግን ቃል እንዳትገቢ። የሱቆቹን ቦታ የሰጠነው እኛ ነን፤ ካርታ አላቸው።”

ሸንጎው ላይ ሰው እንደ ሣር ተነጥፎ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ደበሌ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ተነሥተው መረቁ፤ ሁሉም “አሜን” አለ፤ ድምፁ ከዝግባዎቹ ቅጠል ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሽ ደበሌ በዝግታ ተናገሩ።

“አስፋልቱ ሳይመጣ ይህ ጀፎረ ነበር። ከተማ የሚባለው ነገር ሳይኖር ነበር። ማን እንደለካው አናውቅም፤ አያቶቻችንም አያውቁም ነበር። ጦር መጥቶ ሄዷል፣ መንግሥት መጥቶ ሄዷል፤ አንድም ሰው አጥሩን ወደ ሣሩ አልገፋም። ቅጫ የምንለው የአባቶች ሕግ ስላለ ብቻ አይደለም። ሰው ሞቶ በዚህ ይወጣል፤ ሙሽራ በዚህ ትገባለች። ታዲያ በእኛ ዘመን ታች ገበያው ላይ ሱቅና አጥር ወደ ጀፎረው ገባ፤ ዘርፈሽዋል ቆመች። በአዋላጃችን አስከሬን ፊት መንገድ አጣን።”

ሰገነት ስለ ካሣና ስለ መሬት አዋጅ ልትናገር ያዘጋጀችው ነገር ነበር፤ እዚያ ተቀምጣ ስታስበው ቃሉ ሁሉ ደረቀባት።

ያኔ ሰፍያ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች።

“ሱቄን አፈርሳለሁ” አለች። “ማንም አላስገደደኝም። ያ የቆርቆሮ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።”

ጉርምርምታ ሆነ። ሰፍያ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸውና ወደ ሰገነት ዞረች።

“ልጄ፣ አንቺን ልጠይቅሽ። እኔስ ደሀ ነኝ፣ ቆርቆሮ ነው የማነሣው። የማዘጋጃ ቤቱ ግንብስ?”

ሰው ሁሉ ወደ ሰገነት ዞረ። ማዘጋጃ ቤቱ ከገበያው አጠገብ፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው። በየቀኑ በዚያ በር ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ግንቡ ከሱቆቹ ሁሉ ይበልጥ ወደ ጀፎረው መግባቱን ግን ልብ ብላ አታውቅም። አሁን ከላይ ሆና ቁልቁል ስታየው ግልጽ ሆነላት። ሱቆቹ ሁሉ የግንቡን መስመር ተከትለው ነው የወጡት። የመጀመሪያው ገፊ መሥሪያ ቤቷ ነበር።

“ግንቡም ይነሣል” አለች። “ከሁሉ በፊት እሱ ይነሣል።”

ወደ ቢሮ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ነበር።

“ማን ፈቀደልሽ?” አለ ገዛኸኝ ከወንበሩ ሳይነሣ። “የመንግሥት ንብረት ነው። አድምጪ አልኩሽ እንጂ...”

“አዳመጥኩ፣ አቶ ገዛኸኝ። ያዳመጥኩትን ሰምተው ቢሆን እርስዎም ይህንኑ ነበር የሚሉት።”

“እኔ አልልም ነበር።”

“እንግዲያው አንድ ጊዜ አብረውኝ ይውጡ።”

ምን እንዳሰበች ሳያውቅ ተከተላት። ወደ ገበያው አፍ ወስዳ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ዝግባዎቹ አስዞረችው። ገዛኸኝ የዚያው ከተማ ልጅ ነው። ዓይኑ ሣሩን ተከትሎ እስከ ላይ ወጣ። “እዚህ ግንብ ሥር ኳስ እንጫወት ነበር” አለ በመጨረሻ። “ግንቡ ሳይኖር ማለቴ ነው። አየሽ፣ ረስቼው ነበር።” ከዚያ ወደ ቢሮ ተመልሶ የከተማውን ምክር ቤት ጠራ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ አንዱ ሕግ ሲጠቅስ፣ ሌላው ዞኑ ምን ይለናል ሲል ዋለ። ሲመሽ ግን ግንቡ እንዲነሣ ተወሰነ። ባለሱቆቹም ወደ መስመሩ ከተመለሱ ካርታቸው በአዲሱ ቦታ እንዲሰጣቸው ተስማሙ።

ለማፍረስ የተቀጠረው ቀን ሐሙስ ነበር። ሰገነት ጥቂት የቀን ሠራተኞች ይዛ በማለዳ ስትመጣ፣ የሚመጣ ሰው ካለ ጥቂት ይሆናል ብላ ነበር። ገበያው አፍ ስትደርስ ግን መንገዱ ሞልቷል። ዶማ የያዘ፣ መሰላል የተሸከመ፣ መጥረቢያ ትከሻው ላይ ያደረገ። የመስጊዱ ኢማም እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ የደብሩ ቄስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ የጸሎት ቤቱ ወጣቶች የዘማሪ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ መጥተዋል። ከሰፍያ ሱቅ ውስጥ አንዲት ዕቃ አልቀረችም፤ ጎረቤቶቿ ሁሉንም በየቤታቸው አስገብተውላታል።

ጋሽ ደበሌ መረቁ። ከዚያ ዶማ ለሰገነት ሰጧት። የመጀመሪያው ድንጋይ አልወድቅ ብሎ አስቸገራት፤ ገዛኸኝ መጥቶ አብሯት መታው። ድንጋዩ ሲንከባለል ከሰዉ እልልታ ፈነዳ፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መከታተል አልተቻለም። ቆርቆሮው ወረደ፣ አጥሩ ተነቀለ፣ ምስማሩ በድንጋይ እየተቃና ለባለቤቱ ተቀመጠ። ምንም አልተሰበረም፣ ምንም አልጠፋም። ሴቶች ቆጮና ጎመን በአይብ ይዘው እየመጡ፣ ያጎረሱት የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቁ አጎረሱ።

ቀትር ላይ ሰገነት ከሰፍያ ሱቅ በስተጀርባ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። ግራ ገባት፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈርስ ነገር የለም። ሰፍያ ያላት ቦታ ያ የጀፎረው ቁራሽ ብቻ ነበር፤ ከኋላዋ ያለው የጎረቤቷ የከድሮ ጓሮ ነው። ከድሮና ሰፍያ ደግሞ በአንድ የውሃ ቦይ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ሰገነትና ሰፍያ በኋላ በኩል ዞረው ሄዱ።

ከድሮ የገዛ ራሱን እንሰት እየቆረጠ ነበር። ተፍቀው ቆጮ ለመሆን የደረሱትን ትላልቆቹን ጥሏቸዋል፤ ትናንሾቹን ከነሥራቸው ነቅሎ ጎረቤቶቹ ወደ ጓሯቸው ወስደው እንዲተክሉለት ደርድሯል። እንሰት ያለው ሰው እንሰቱን እንዲህ አይነካም። ለዓመታት አሳድጎ፣ ልጁን ሊድርበት፣ ክፉ ቀን ሊያልፍበት ያስቀመጠው ነው።

“ከድሮ!” አለች ሰፍያ። “ምን ሆንክ? ምን በደለህ እንሰቱ?”

ከድሮ መጥረቢያውን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ አዶት” አላት።

ሰፍያ ሰላምታውን መለሰች። “ወአለይኩም ሰላም።”

“ሱቅሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ ተባልሽ አይደል? ወዴት ልትስቢው ነው? እዚህ ነው የሚቆመው። ለክተሽ የሚበቃሽን ንገሪኝ፣ ካልበቃ ሌላ ረድፍ አለ።”

ሰፍያ እዚያው የእንሰቱ ቅጠል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከድሮም ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ አጠገቧ ቁጭ አለ። ሰገነት ፊቷን አዞረች። ከድሮን ማንም አላዘዘውም፣ ሽማግሌ አልላከበትም፣ ሕግም አያስገድደውም። በእጇ ያለው ሥልጣን ሁሉ፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ጥበቃው፣ ይህን የመሰለ ነገር ሊያስደርግ እንደማይችል በዚያች ሰዓት ገባት። ይህ ከየት ይመጣል? ብላ አሰበች።

የመጨረሻው የቆርቆሮ አጥር የወደቀው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዘም ነው። አቧራው ሲረግብ ሰዉ ቀና አለ። ከአስፋልቱ እስከ ዝግባዎቹ ድረስ ጀፎረው ተከፍቷል። ገበያው በነበረበት አፈሩ ገና ጥቁርና ቁስል የመሰለ ነው፤ ከላይ ሣሩ ያበራል። ቤቶቹ በሁለቱም ወገን፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም፣ እስከ ጫፍ ድረስ ቆመዋል። ከዝግባዎቹ የሚመጣው ነፋስ እየሮጠ ወርዶ የሰዉን ልብስ አነሣ። ከዚያን ቀን በፊት ለዓመታት እዚያ አልደረሰም ነበር።

ገዛኸኝ በአቧራ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ጋሽ ደበሌ ጎንበስ ብለው መሬቱን ነኩት። ሰገነት ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰፋ ተሰማት። ማን እንደለካው የማይታወቅ ነገር ፊት ቆማለች፤ የለኩት ሰዎች ስማቸውን ትተው ስፋቱን ብቻ አስቀርተዋል። ራሷን በጣም ትንሽ አድርጋ አየች፤ እንዲያ መሆኑም ደስ አላት።

ክረምት ገብቶ ሲወጣ ቁስሉ ላይ ሣር በቀለ። የሰፍያ ሱቅ ከድሮ በሰጣት ቦታ ላይ ቆመ፤ በሩ ወደ ጀፎረው ነው። በአዲሱ የከተማ ፕላን ላይ ጀፎረው እንዳለ ተቀመጠ፣ ማንም እንዳይነካው ምክር ቤቱ አጸደቀ።

ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ግንብ መሆኑን ሰገነት መጀመሪያ አልለመደችውም። ሰው ከጀፎረው ቀጥ ብሎ መስኮቷ ሥር ይመጣል፤ ቀጠሮ የለ፣ ጥበቃ የለ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች መስኮቱን አንኳኩ። ከቢሮው ጀርባ ያለው መጸዳጃ ቤት አንድ ጥጉ ወደ ሣሩ ትንሽ ገባ ማለቱን በትሕትና ነገሯት።

ወጥታ አየችው። እውነትም አንድ ስንዝር ያህል ገብቷል።

“ነገ ጠዋት ይነሣል” አለቻቸው።

“እኛም ዶማ ይዘን እንመጣለን” አሉ ሽማግሌዎቹ፤ መርቀዋት በሣሩ ላይ ወደ ላይ ሄዱ።