ቪላድስ «በጣም ደህና ነኝ» ያለ ዕለት

በከተማችን «ደህና ነኝ» የሚል ሰው የለም። ጤነኛው «ያስኬዳል» ይላል። የታመመው «ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» ይላል። ሎተሪ የወጣለት ደግሞ «አይከፋም» ይላል። እኔ ከዋና ከተማው ከኮፐንሃገን መጥቼ ይህን ለመልመድ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ ቶርኪል ግን የዚሁ የምዕራብ ዩትላንድ ልጅ ነው። በክሊኒኩ የልብ ማዳመጫውን የሚያነሳው መጀመሪያ «እንዴት ነህ?» ብሎ የመልሱን ዓይነት ከሰማ በኋላ ነበር።

የተጋባንበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ቅዳሜ ዋለ። በአገሩ ልማድ ጎረቤቶች በዋዜማው ደጃፋችን ላይ ከጥድ ቅርንጫፍ ቅስት ይሠራሉ፤ በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መጥተው በዘፈን ይቀሰቅሱናል። እኛም የተኛን መስለን መጠበቅ አለብን። በተግባር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን ለሠላሳ ሰው ዳቦ ላይ ቅቤ ስንቀባ ነበር። ቶርኪል ተራውን ለሌላ ሐኪም አስረክቦ ቀኑን ሙሉ ለእኔና ለልጃችን ለሲሴል ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ሲሴል የተወለደች ቀን እንኳ እሱ ሌላ ሴት ሲያዋልድ ነበር።

በሩን ከፈትን። ዘፈኑን የሚመራው ቪላድስ ነበር፤ ጋራዡን ለልጁ ያስረከበ የስልሳ ሁለት ዓመት መካኒክ። ቅስቱንም የሠራው እሱ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ጨበጠን።

«እንዴት ነህ ቪላድስ?» አለው ቶርኪል።

«በጣም ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።»

ቶርኪል እጁን አልለቀቀውም። መስኮቱ ላይ ውርጭ ነበር፤ የቪላድስ ግንባር ግን ላብ አውጥቷል። «ግባና ጋደም በል» ቢለው በሠላሳ ሰው ፊት እሺ እንደማይል አውቃለሁ። እዚህ አገር ሰው እርዳታ አይቀበልም። እርዳኝ ሲባል ግን እምቢ የሚል የለም።

«ቪላድስ፣ መኪናዬ ከትናንት ጀምሮ ድምፅ ታሰማለች።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ስነዳት ብቻ ነው የሚሰማው። እስቲ አብረኸኝ ሁንና ስማልኝ።»

«አሁን? በዚህ ቀን?»

«ወዲያው እንመለሳለን።»

ዳቦ ጋጋሪው ኦትማር ከኋላ ወደ እኔ ጮኸ፦ «ዶክተሩ ሊጠፋ ነው! ራግና፣ ቁልፉን ቀሚው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቪላድስም ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ቶርኪል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለሆስፒታሉ ደውዪ፤ ልብ ነው በያቸው» አለኝ። ሆስፒታሉ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አምቡላንሱም የሚመጣው ከዚያው ስለሆነ መጠበቁ መንገዱን እጥፍ ያደርገዋል።

«እማዬ፣ ዛሬም?» አለች ሲሴል መኪናው ሲወጣ እያየች።

«ዛሬም» አልኳትና ወደ ስልኩ ሄድኩ።

ደውዬ ስጨርስ የቪላድስ ሚስት ኪርስቲነ ወጥ ቤት ውስጥ አይብ ትቆርጥ ነበር። ኮፐንሃገን ቢሆን እጇን ይዤ፣ አስቀምጬ፣ ብዙ አወራ ነበር።

«ቪላድስ ትንሽ ይቆያል» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። «ትንሽ ስንት ነው?»

«ሆስፒታል ደርሶ እስኪመለስ።»

«ልቡ ነው?»

«ቶርኪል እንደዚያ መስሎታል።»

«ትናንት ያን ጥድ ብቻውን ሲጎትት ተናግሬው ነበር። ይሰማል እንዴ፣ ይሄ ግትር በሬ!»

«ላድርስሽ?»

«ሄጄ ምን እፈይዳለሁ? ዶክተሩ አብሮት አይደል?» አለችና ቢላዋውን አነሳች። «እነዚህ ሰዎች ገና አልበሉም።»

ሁለታችን አስተናገድን። ለእንግዶቹ የነገራቸው የለም። ሁለተኛውን ዘፈን ሲዘፍኑልኝ አጠገቤ የነበረው ወንበር ባዶ ነበር፤ ኦትማርም ስለጠፋው ሙሽራ ሁለት ቀልድ ጨመረ። ኪርስቲነ ቆማ ትሰማለች፤ ዓይኗ ግን ስልኩ ላይ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ጮኸ። «አንቺ አንሺው» አለችኝ።

«ተርፏል» አለ ቶርኪል። «መንገድ ላይ ልቡ አንዴ ቆሞብኝ ነበር፤ መኪናዋን ዳር አቁሜ ደረቱን ስጫን ተመለሰ። ሚስቱን ስጪኝ።»

ኪርስቲነ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ሦስት ጊዜ «እሺ» አለችና ዘጋች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ የቆሸሹትን ስኒዎች ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ፊቷን አላየሁም።

ቶርኪል ወደ ማታ ሲመለስ እንግዶቹ ሄደው ነበር። ቆሞ የደረቀ ዳቦ በላ። ሲሴል ቅቤውን አቀረበችለት። «ተቆጥተሽ ነበር?» እያለች እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። ተቆጥቼ ነበር።

ቶርኪል ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረ። ቪላድስ ከእሱም በላይ ኖረ፤ የቶርኪልን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፣ በሰማንያ ዓመቱ። ከፊት በግራ በኩል ነበር የያዘው። ይከብድሃል ሊለው የደፈረ አልነበረም።