የጌታነሽ በሶብላ

በሶብላ ሞላሌ ላይ እንዴት ይበቅላል?

ወሰንየለሽ ይህን ጥያቄ ከግንቦት መባቻ ጀምሮ ይዛው ትዞራለች። ጦስኝ ቢሆን አይገርማትም። ከከተማው ወጣ ሲባል ገደሉ ሁሉ ጦስኝ ነው፤ በግ ይረግጠዋል፣ ውርጭ ይመታዋል፣ እሱ እንደሆነ ማንንም አይለምንም። ጤና አዳምም በአጥሩ ሥር ራሱን ችሎ ቆሟል። በሶብላ ግን የቆላ ልጅ ነው፤ ብርድ ሲነካው ይጠቁራል። እንዲህም ሆኖ እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ በጓሯቸው፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ በየክረምቱ አንድ መደብ በሶብላ ያበቅሉ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለሽሮና ለበርበሬ ከእሳቸው ይወስድ ነበር እንጂ፣ ሌላ ሰው ዘርቶ ሲበቅልለት አልታየም።

ወይዘሮ ጌታነሽ ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ወሰንየለሽ ያን ጊዜ ሃንጋሪ ነበረች። ስድስት ዓመት ስታቲስቲክስ ተምራ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር። ቀብር አልደረሰችም፤ የመጣችው ለአርባው ነው። «ሁለት ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ» እንዳለች ስድስት ወር አለፋት። ለመሄድም ለመቅረትም የሚያሳምን ምክንያት አላገኘችም፤ ጠዋት ሻንጣዋን ትከፍታለች፣ ከሰዓት መልሳ ትዘጋለች።

ሚያዝያ ላይ የእናቷን ሳጥን ስታገላብጥ ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረ የበሶብላ ዘር አገኘች። ጥቁር፣ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ የሚል፣ ጥቂት ጊዜ በጣት ከተቆነጠረ የሚያልቅ። ቤት ውስጥ የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ይህ ካልበቀለ የእናቷ በሶብላ አከተመ ማለት ነው። አባቷ አቶ ደመላሽ ሽሮውን አንዴ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ ማድረግ ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ግማሹን ዘራች። መደቡን ቆፈረች፣ የበግ ፍግ ጨመረች፣ አፈሩን በጣቷ እስኪልም አሸች፣ ዘሩን በትና ውሃ አርከፈከፈች። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። አረሙ በቀለ።

«በቀለልሽ?» አሏት እትዬ ጥሩሸዋ ከካቡ ማዶ ብቅ ብለው። የአጥር ጎረቤታቸው ናቸው፤ ገበያ ጨው ይቸረችራሉ፣ ለእናቷም የልብ ወዳጅ ነበሩ።

«አልበቀለም፣ እትዬ።»

«መች ይበቅላል! እናትሽ ስትዘራ ትንፍሽ አትልም ነበር። አንቺ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ ለጥፈሽ ስትለፈልፊ አይቼሻለሁ። በሶብላ ወሬ አይወድም።»

«ጆሮ አለው እንዴ?»

«ሳቂ። ደግሞ ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ አይዘራም።»

«አሁን ወሬ ነው አላሉኝም?»

«ወሬም ነው፣ ሚካኤልም ነው» ብለው ተመልሰው ጠፉ።

ወሰንየለሽ ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። አላመነችም፤ ሳትሞክረው መተውም አልሆነላትም። አሥር ፍሬ በግማሽ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ዘርታ መስኮት ላይ አኖረች። አሥር ፍሬ እርጥብ ጥጥ ላይ ደርድራ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠች። አሥር ፍሬ ደግሞ ከማንም ሳትነጋገር ውላ ዘራች፤ አባቷ «አሞሻል ወይ?» ብለው ቢጠይቋት እንኳ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

በማግስቱ ጥጡ ላይ ያሉት ፍሬዎች እያንዳንዳቸው የሚያዳልጥ ነጭ ልብስ ለብሰው አገኘቻቸው፤ የእንቁራሪት እንቁላል ይመስላሉ። ደስታዋ ወሰን አጣ። ነፍስ ዘሩ መሰላት። ስልኳ ላይ ፈልጋ ስታነብ ግን የበሶብላ ዘር ውሃ ሲነካው ደህናውም የሞተውም እንዲያ ይለብሳል ይላል። ከዚያ በኋላ የታየ ለውጥ የለም። ከሠላሳው ፍሬ አንድም አልበቀለም።

በመጨረሻ ምላጭ አነሳች። ከቀረው ዘር አንዱን ፍሬ ነጭ ሳህን ላይ ሰንጥቃ በስልኳ ካሜራ አጉልታ አየችው። ውስጡ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። አሥር ፍሬ ሰነጠቀች፤ አንዱ ላይ ብቻ የተጨማደደ ነገር አየች። ዘሩ አርጅቶ አልሞተም፤ ፊቱኑም አልሞላም ነበር።

«አባባ፣ በሶብላው መቼ ነበር የሚያብበው?»

አቶ ደመላሽ የበግ ገመድ እየገመዱ ነበር። «መስከረም።»

«ውርጭስ መቼ ይመታዋል?»

«ጥቅምት። ፍሬው ሳይደርስ።»

«እንግዲያው እማዬ ዘሩን ከየት ነበር የምታመጣው?»

«ከመቀነቷ ነዋ! ፈትታ ስትዘራ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«መቀነቷ ላይስ ከየት መጣ?»

አባቷ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «አንቺ ልጅ፣ እሷን ዕድሜ ልኬን ያልጠየቅኋትን ዛሬ እኔን ትጠይቂኛለሽ? የሴት ጓሮ ነው፤ እኔ በየት በኩል አውቄው!»

ወሰንየለሽ የተሰነጠቁትን ፍሬዎች መዳፏ ላይ ይዛ ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ግቢ ተሻገረች። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። እንዝርታቸው አንዴ ሲሾር ቆየት ብሎ ነው የሚቆመው።

«እትዬ፣ ይሄ ዘር ባዶ ነው። በዝምታም ቢዘራ፣ ለሚካኤልም ቢዘራ አይበቅልም። እርስዎም ያውቃሉ።»

ሴትዮዋ መዳፏን አዩ፤ ቀጥሎ ፊቷን አዩ። «ሃንጋሪ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው በምላጭ ዘር መሰንጠቅ ነው?»

«መጠራጠር ነው የተማርኩት።»

«እሱማ እዚህም ነበረልሽ» አሉና እንዝርቱን አስቀመጡ። «ተቀመጪ። አደራ ነበረብኝ፤ አደራ ያለችኝ ካለፈች ግን ለማን ልጠብቀው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው፤ ስሟ ይዘንጋሽ ነው፤ የምትኖረው ሞቅ ባለው አገር፣ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ወሰንየለሽ ስሟን ታውቃለች፤ መኳረፋቸውንም ሰምታለች፤ ምክንያቱን ግን የነገራት አልነበረም። የሁለቱ እናት ሲሞቱ ክረምት ነበር። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ጌታነሽ ቀብር ሳይደርሱ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ሲደርሱ ይዘንጋሽ ከደጅ መለሰቻቸው። «ከእንግዲህ ዓይንሽን አላይም» ብላ በመድኃኔዓለም ማለች። ጌታነሽም «እኔም ቃል አልልክብሽም» ብለው ማሉ።

«ታዲያ ዘሩስ?»

«በዓመቱ ነው። ሰሌን የሚሸጠው ታዲዮስ ከዚያ ሲመጣ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ሰጠኝ። ‹ለጎረቤትሽ› አለ እንጂ ከማን እንደሆነ አልተናገረም። እናትሽ ፈታ አሸተተችው። እዚሁ፣ አንቺ ያለሽበት ቁጭ አለች። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ፀጉር ፈተለች። ልቃቂቱን በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ መለሰችለት። ይኸውልሽ፣ በየግንቦቱ ዘር ይወጣል፣ ክር ይወርዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቃል አልተላላኩም፤ መሐላውም አልፈረሰም።»

«መቀነቷ ላይ ያገኘሁትስ?»

«እሱ የጓሮው ነው። ‹አንድ ዓመት ውርጩ ዘግይቶ ይሞላልኝ ይሆናል፣ የራሴ ይሆንልኛል› እያለች በየጥቅምቱ ትለቅመው ነበር። የምትዘራው ግን የእህቷን ነው። ያውም መደብ ላይ አይደለም መጀመሪያ። አፈር የሞላ ገል ላይ ትበትነዋለች፤ አፈር አታለብሰውም፣ በመዳፏ ጫን ብቻ። ከዚያ ከበጎቹ ማደሪያ ታስጠጋዋለች፤ የበጎቹ ትንፋሽ ሞቅ ያደርገዋል። አራት ቅጠል ሲያወጣ ነው ወደ ደጅ የምታወጣው።»

ወሰንየለሽ ደብተሯን አላመጣችም ነበር። መጻፍም አላስፈለጋት። «ዘንድሮስ ታዲዮስ አልመጣም?»

«መጣ እንጂ። ባዶ እጁን። ይዘንጋሽ መርዶውን ሰምታለች።»

«ለቅሶ እንኳ አልመጡም?»

«ዓይንሽን አላይም ብላ የማለች ሬሳ ልታይ ትምጣ?» እትዬ ጥሩሸዋ እንዝርቱን አንስተው ዘረጉላት። «ያዢ። ታዲዮስ ለሰኔ ሚካኤል ሰሞን ይመለሳል። ልቃቂት ላኪላት። ወሬ እንዳትልኪ።»

«እኔ እኮ አልማልኩም።»

«አልማልሽም። እሷ ግን ምላለች።»

መፍተል ከስታቲስቲክስ ይከብዳል። ክሩ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይሰልላል፣ መሀል ላይ ይበጠሳል። «ይሄ ምንድን ነው?» ይሏታል እትዬ ጥሩሸዋ፣ «ክር ነው የበግ ጭራ?» በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ሲበጠስባት ወሰንየለሽ ተነሳች። አክስቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘር የላከችው ቃል ርቧት ቢሆንስ? ዝምታው ሁለቱንም ደስ ይላቸው እንደነበር በምን ይታወቃል? ጠይቆ ያረጋገጠ አለ? ለታዲዮስ ደውላ የአክስቷን ቁጥር ተቀበለች። ካቡ ላይ ተቀምጣ ጻፈች፤ አጠፋች፤ እንደገና ጻፈች።

«እትዬ ይዘንጋሽ፣ የጌታነሽ ልጅ ወሰንየለሽ ነኝ። እኔም ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። በሶብላው አልቆብናል። ክሩን እየተማርኩ ነው።»

ላከችው። ስልኩ «ደርሷል» አላት።

ታዲዮስ ለሚካኤል ሰሞን መጣ። ጉጥ ጉጥ ያለውን ልቃቂት በእናቷ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችው። በእጁ መዘነው እንጂ አልፈታውም።

«መልእክቴን አይተውት ይሆን?»

«የጎረቤት ልጅ ስታነብላት ደርሻለሁ። ሁለቴ አስነበበቻት።»

«ምን አሉ?»

«እሷ? ምንም» አለና ሰሌኑን ተሸከመ።

ሐምሌ ገባ፤ መንገዱም እንደ ልማዱ ጭቃ ሆነ፤ ታዲዮስም ገና አልተመለሰም። ከበጎቹ ማደሪያ አጠገብ፣ አፈሩ የላመ፣ ውሃ የጠጣ አንድ ገል ተቀምጧል። አቶ ደመላሽ በጎቹን ሲያስገቡ እንዳይረገጥ ዘወር ያደርጉታል፤ ባዶ መሆኑን ያውቃሉ፣ ለምን እንደተቀመጠ ግን አልጠየቁም። ወሰንየለሽ ጠዋት ጠዋት አፈሩን በጣቷ ነካ አድርጋ እርጥበቱን ታያለች፤ ቀጥላም ስልኳን ትከፍታለች። መልእክቷ እዚያው አለ፤ ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም።