የጥሩአየሁ ወይራ

ሀብተ ሥላሴ ነገር በቀጥታ መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው እንዲህ ነው፤ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ሰሙን ያቀብልና ወርቁን ፈልጉ ይላል። ሠላሳ ዓመት በየትምህርት ቤቱ ግብርና ሲያስተምር ተማሪዎቹ ይሥቁለት ነበር። ሚስቱ ጥሩአየሁ ግን አትሥቅም። ወጥ እየበረደ ቅኔ መፍታት ምኑ ያሥቃል?

እሱ ከሞተ እነሆ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወጥ የሚያበርድባት የለም።

ጡረታ ወጥቶ ቢቸና ከገቡ ወዲህ የያዘው ጉዳይ ወይራ ነበር። ያገራችን ወይራ አይደለም፤ እሱማ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሞልቷል፤ ፍሬው ቆዳና ዘር ብቻ ነው፤ ዘይት አይወጣውም። ይኼኛው ከባሕር ማዶ የመጣ የዘይት ወይራ ነው። ሦስት ዓይነት ችግኝ ከየትም ብሎ አመጣ። ሁለቱን ከጓሮው ታች በአጥሩ ጥግ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛውን ከቤቱ ጀርባ ለብቻው ተከለ። የፈረንጅ ስማቸው አልጥም ስላለው በየግንዱ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ የራሱን ጻፈበት። ከታች ካሉት አንዱ «ኩሩው» ተባለ፤ ሌላው ቅርንጫፉ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል «አንገት ደፊው» ተባለ። ከቤቱ ጀርባ ባለው ላይ ግን የጻፈው «ጥሩአየሁ» ብሎ ነው።

ያን ጊዜ ሥራ ፈትነት ነው ብላ አለፈችው። ከሞተ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ይዛ ከቤቱ ጀርባ ትሄድና «እንዴት አደርሽ፣ ሞክሼ» ትላታለች። አንዳንድ ቀን ድምጿን የምታሰማው ለዚያች ዛፍ ብቻ ነው። ልጅ አልወለዱም። ጎረቤቱም ለቅሶው እንዳለቀ ወደየጉዳዩ ሄዷል፤ አይፈረድበትም።

በግንቦት አንድ ረቡዕ አብዱራዛቅ ከሞጣ መጣ። ሀብተ ሥላሴ ሞጣ በነበረበት ጊዜ ያስተማረው ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከአያቶቻቸው ጀምሮ የኑግ ዘይት ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከመጭመቂያው ሌላ የችግኝ ጣቢያ ከፍቷል። ከመምህሩ ጋር ተስማምተው ነበር፤ በመምህሩ ሁለት ጥማድ መሬት ላይ ወይራ ይተከላል፤ ፍሬው ሞጣ ይጨመቃል። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ ዛሬ ገና ደረሰ።

«እትዬ፣ ቅርንጫፍ ቆርጬ ልወስድ ነው የመጣሁት» አላት። «ችግኝ ላፈላ ነው። የትኛውን እንደሆነ ግን እርስዎ ይንገሩኝ። አንዴ ከተተከለ የሰው ዕድሜ ነው፤ ስድስት ዓመት ጠብቀን አልሆነም ብንል መንቀል የለም።»

«እኔ ምን አውቄ።»

«መምህር የትኛውን ነበር የሚመርጡት?»

የተያዘችው እዚህ ላይ ነው። ሀብተ ሥላሴ ስለ ወይራ ሲያወራ እሷ «እህ» እያለች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። አንድ ቃል አልያዘችም። ስንቴ ነግሯት ይሆናል፤ አሁን የምትጠይቀው የለም። መሬቱ ላይ የእሱ ምርጫ እንዲቆም ትፈልጋለች፤ ከዚህ ሌላ ልታደርግለት የምትችለው ነገር አልቀረም። ባሏ ስለ ዛፎቹ ይጽፍበት የነበረውን ደብተር ከሣጥን አውጥታ ለአብዱራዛቅ ሰጠችው። ገጽ ሙሉ የእጅ ጽሑፉን ለማየት አንጀቷ ስለማይችል እስከ ዛሬ አልገለጠችውም።

«ከቤቱ ጀርባ ያለችው ትሆናለች» አለች ፈራ ተባ እያለች። «ስሜን የጻፈው እሷ ላይ ነው።»

አብዱራዛቅ ሄዶ ቆርቆሮውን አየና ፈገግ አለ። «ይኼማ ስም አይመስለኝም፣ እትዬ። የቤት ሥራችንን ሲያርሙ ከታች እንዲህ ይጽፉልን ነበር፤ ጥሩ፣ አየሁ። ዛፉ ጥሩ ውጤት አሳየ ማለታቸው ነው።»

ጥሩአየሁ መጀመሪያ ተናደደች፤ ከዚያ ንዴቱም ጥሏት ሄደ። ይህን ያህል ጊዜ እንዴት አደርሽ ስትል የኖረችው ለቤት ሥራ ማርክ ነው ማለት ነው።

አብዱራዛቅ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀምሯል። «ኩሩው። ብርድ ይችላል፤ ዘይቱ ብዙ ነው። ብቻውን ግን አያፈራም። አንገት ደፊው። እሱም ብቻውን አያፈራም። ሁለቱ ከተቀራረቡ ነፋስ የአበባቸውን ብናኝ ካንዱ ወዳንዱ ይወስዳል፤ ያኔ ሁለቱም ይይዛሉ።» ቀጣዩን ገጽ ገለጠና ለብቻው በዓይኑ ያነብ ጀመር።

«አንብበው እንጂ።»

«ጥሩአየሁ። ቶሎ ትይዛለች። ፍሬዋ ትንሽ ናት፤ ዘይቷ ይጣፍጣል። አጠገቧ ማንም ባይኖር፣ ብቻዋንም ታፈራለች።» ቀና ብሎ አያት። «ሌሎቹን ወንድ አድርገው ነው የጻፏቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ስምዎ ነው።»

«ቀን አለው?»

«ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት።»

በዚያው ሰሞን ነው ከባሕር ዳር፣ ከሐኪም ተመልሶ «ጨጓራ ነው አሉኝ» ያላት። በጥቅምት ሞተ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሊነግራት አፉ እምቢ ሲለው በዛፏ አሳብቦ ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ እንደ ልማዱ ወርቁን ቀብሮ፣ ቆይታ እንድትፈታው።

«እንግዲህ ምርጫቸው ታወቀ» አለ አብዱራዛቅ መቀሱን ከቦርሳው እያወጣ። «መሬቱን በሙሉ በእሷ እንሞላዋለን። ሌላ አትፈልግም።»

«ቆይ» አለችው። «ሁለት ሆነን ያላፈራነውን ብቻዬን ላፈራ? እሱ ትችላለች ብሎ ጻፈ እንጂ እኔ አልቻልኩም። አልቻልኩም፣ አብዱ። ናፍቆኛል።»

አብዱራዛቅ መቀሱን ዝቅ አደረገ።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ አጥሩ ወረደች። የሁለቱ ዛፎች ቅርንጫፍ ተነካክቷል። «ከነዚህ ቁረጥ፤ ከሁለቱም። አንዱን መደዳ ኩሩውን፣ አንዱን መደዳ አንገት ደፊውን፤ አቀራርበህ።»

«መምህር የመረጡት ግን…»

«እሱ ሄዷል። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»

መቀሱን ይዞ ተከትሏት ወረደ። እየቆረጠ በእርጥብ ጆንያ ሲጠቀልል ቆማ አየችው፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ስትመለስ በእጇ የሰበረችውን አንድ ቀንበጥ ይዛለች።

«ይችንም አፍላልኝ» አለችው። «ከነሱ መሀል ትከላት።»