ለቋሚ የተነፋ ጡሩምባ

የአብነቱ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ሠላሳ ዓመት የዕድር ጡሩምባ ሲነፉ አንድም ቀን ያለ ሬሳ ነፍተው አያውቁም። ኩራታቸው ይኸው ነው። ሰፈሩ በምን በምን እንደሚሞትም ከሐኪም እኩል ያውቃሉ። ድሮ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ወንዝ ዳሩ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር፤ ተቅማጥ ለጨረሳቸው ሕፃናት። ቀጥሎ ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራው መጣና ወጣቱን አጨደው። አሁን ደግሞ ስኳርና ግፊት ነው፤ ቦርጫሙን ከነክራቫቱ።

"አድገናል እኮ!" ይላል የዕድሩ ሊቀመንበር ወንድምአገኝ። "በሀብታም በሽታ መሞት ጀመርን!"

በዚህ ሳምንት ግን ከወንዝ ዳሩ ሦስት ሕፃናት በአንድ ቀን ጤና ጣቢያ ገቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙፊዳ፣ ፍሳሽ ከቧንቧው ውሃ ጋር መቀላቀሉን ደርሳበት ቤት ለቤት ዞረች። ማን ይስማት?

"ኮሌራ? እዚህ አብነት? ሂጂ ባክሽ፣ ጨጓራ ነው!"

ቢቸግራት ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። "ጋሼ፣ እኔን የሚሰማኝ የለም። ጡሩምባዎን ግን ያልሰማ ጆሮ የለም። ይንፉልኝ።"

"ያለ ሬሳ?"

"ሬሳውማ ይመጣል፤ ትንንሽ ትንንሹ።"

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ወደ ወንዝ ዳሩ ቁልቁለት አዩ። ያቺን ቁልቁለት እግራቸው ከረሳት ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው።

ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው አብነትን ከአልጋ አወረደው።

"ማን ሞተ?" ጎረቤታቸው ድንቅነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

"ማንም!"

"ታዲያ ምን ያስነፋዎታል?"

"እንዳትሞቱ ነዋ! የቧንቧውን ውሃ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ!"

ወንድምአገኝ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ከች አለ፤ ከኋላው ጎረምሶች ድንኳን ተሸክመዋል። "አበዱ እንዴ ጋሼ? ጡሩምባው ለሟች ነው ይላል ደንቡ! አሁኑኑ ያስረክቡ!"

"ስማ አንተ ልጅ፣ ሟች መቼ ሰምቶኝ ያውቃል? ሠላሳ ዓመት የነፋሁት ለቋሚ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ባለሱቁ ኑሪ ግን አልሳቀም። "የኔም ልጅ ከትናንት ጀምሮ እያስቀመጣት ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ጨጓራ ነው ያልነው... አፍረን ነው።"

"የኔም" አለች አንዲት እናት። "የኛም ቤት" አለ ሌላው።

ወንድምአገኝ ወዲያ ወዲህ አየ። ካፖርቱን አወለቀ። "ምን ትገተራላችሁ?" ብሎ ጎረምሶቹ ላይ ጮኸ። "ድንኳኑን ለሙፊዳ ትከሉላት!"

ሙፊዳ የውሃ ማከሚያዋን ይዛ ድንኳኑ ሥር ስትገባ፣ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ደረታቸውን ነፍተው የወንዙን ድልድይ እየተሻገሩ ነበር።

"ኧረ ጋሼ፣ ከድልድዩ ወዲያ የሌላ ዕድር ነው!" አለ ወንድምአገኝ።

"ውሃው መች ዕድር ለየ!" አሉና ነፉት።