ከባለቤቴ እግር ያስለቀቅሁት ቀለም

ኑ፣ ቁጭ በሉማ። እግራችሁን ዘርጉ፤ የምነግራችሁ የእግር ነገር ነው። ጥፋተኛውም እኔው ነኝ።

እኔና ባለቤቴ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ስንሠራ ነው የኖርነው፤ እኔ እድፍ ማስለቀቅ ላይ፣ እሷ ካውያ ላይ። እኔ አምና ጡረታ ወጣሁ። እሷ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ቆማ ስትተኩስ የባቷ ደም ሥር እንደ ገመድ ተገተረ። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። አለቃዋም "እስከ ወሩ መጨረሻ ደህና ካልቆምሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ" አላት። እሷ ደግሞ ቤት ከመዋል ካውያው ራሷ ላይ ቢቀመጥ ትመርጣለች።

ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተሯ የልጅ ልጄን የምታክል ናት፤ መሣሪያዋን ይዛ የምትመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው።

"ቀዶ ጥገና የለም፣ እማማ። በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብቼ የተበላሸውን ደም ሥር ከውስጥ በሙቀት እዘጋዋለሁ። ደሙ በጤነኛው በኩል ይሄዳል።"

"ሙቀቱን ስንት ላይ ልታደርጊው ነው ልጄ? እኔ ሐር ነኝ፤ እንደ ጂንስ እንዳትይዢኝ!"

ዶክተሯ እየሳቀች አቆመቻት፤ በአልትራሳውንድ እያየች ባቷ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ መስመር ሳበች። ከዚያ በሆዷ አስተኝታት ልብስ ልትቀይር ወጣች።

እኔ አርባ ዓመት ቀለም አይቼ ዝም ብዬ አላለፍኩም። ጠረጴዛው ላይ አልኮልና ጥጥ አለ። እንዲህ ተዥጎርጉራ ትታከም? እጄ አላስቻለኝም።

"ምን እያደረግክ ነው አንተ ሰውዬ?"

"ዝም ብለሽ ተኚ፤ እያሳመርኩሽ ነው።"

ከዳር ወደ መሃል፣ ሳላስፋፋ። የሙሽራ ልብስ እንኳን እንዲያ አጽድቼ አላውቅም።

ዶክተሯ ተመለሰች። "መስመሬ የታለ?"

"ለቀቀ" አልኩ ኮራ ብዬ።

"እሱ እኮ የምሄድበት መንገድ ነበር፣ አባባ!" ሰዓቷን አየች። "ስድስት ሰው ይጠብቀኛል። በቃ፣ ለሚመጣው ወር ይሁን።"

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ቦታዬ ሄደ በለኛ" አለች ቀስ ብላ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ስድስቱንም ለመንኳቸው፤ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ወረፋው ራስ ላይ የተቀመጠች አንዲት ባልቴት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"የኔ ባል እንኳን እግሬን ሊጠርግልኝ፣ ሁለት መሆኑንም አያውቅ ነበር! ትታከም፣ እኛ እንጠብቃለን።" ሌሎቹም "ትታከም" አሉ።

ዶክተሯ መስመሩን እንደገና ሳበች። እኔን ግን "እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ!" አለችኝ።

ሰዓት እንኳን አልሞላም። ባለቤቴ ጠበቅ ያለ ረጅም ካልሲ አጥልቃ በገዛ እግሯ ወጣች። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንድትራመድ ታዘዘች።

"እሱም አብሮኝ ይሄዳል" አለች፤ "ቅጣቱ ነው።"

ወሩ ሳያልቅ ካውያዋ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፤ አለቃዋም ቦታዋን አልነካም። የእኔ ቅጣት ግን እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በየጠዋቱ እሷ ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለምትወዱት ሰው ብላችሁ እጃችሁ የሚቸኩልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን መጀመሪያ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህቺን ብቻ አስታውሱልኝ።